የቶዮታ ሪኮል ፖለቲካ ነበር? እኔ እንዴት እንዳጣራሁት

«አሜሪካ የራሷን መኪና አምራች ጂኤምን (ጄኔራል ሞተርስን) ለማዳን ብላ ቶዮታን መታችው።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! የሚሉት ሰዎች ቅንጣት ጥርጣሬ የላቸውም። በሌላ በኩል «ቶዮታ ጉድለቱን ደብቆ ሰው አስጨረሰ፣ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው» የሚሉ አሉ። እነሱም እንደዚያው እርግጠኛ ናቸው። ሁለቱን ሳዳምጥ የሚከራከሩት ስለ ተለያየ ነገር መሰለኝ። አንዱ የሚያወራው ስለ ከሳሾቹ ነው፣ ሌላው ስለ ፔዳሉ። ስለዚህ የ2009 እና የ2010ን የቶዮታ ሪኮል (ኩባንያው ጉድለት ያለባቸውን መኪኖች ለጥገና መልሶ የጠራበትን) ነገር ከሥሩ ለማየት ተነሳሁ። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሰው አስተያየት ማንበብ አቆምኩ። ወረቀት አወጣሁና መሃሉን በመስመር ከፈልኩት። በግራ በኩል መኪኖቹ ላይ የሆነውን፣ በቀኝ በኩል ፖለቲካው ውስጥ የሆነውን በቀን በቀኑ መጻፍ ጀመርኩ።

ግራው እንዲህ ይጀምራል። ኦገስት 28 ቀን 2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንዲያጎ አጠገብ አንድ ሌክሰስ ኢኤስ 350 (ሌክሰስ የቶዮታ የቅንጦት ብራንድ ነው) አልቆም ብሎ አራት ሰዎች ሞቱ። ሹፌሩ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያልነበረ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ነው። መኪናው የእሱ አልነበረም፤ የራሱ ጥገና ላይ ስለነበር ሻጩ ያዋሰው ነው። ወለሉ ላይ የነበረው የጎማ ምንጣፍ የሌላ ሌክሰስ ሞዴል ነበር፣ በማሰሪያውም አልተያዘም፣ እናም የቤንዚኑን ፔዳል ይዞ አስቀረው። ከመኪናው ውስጥ ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 911 ተደውሎ ነበርና ድምፁ በመላው አገሪቱ ተሰማ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ቶዮታ በምንጣፍ ምክንያት ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን የሚነካ ሪኮል አስታወቀ። ጃንዋሪ 21 ቀን 2010 ደግሞ 2.3 ሚሊዮን መኪኖችን ጠራ። ይሄኛው ምንጣፍ አይደለም፤ ፔዳሉ ራሱ ተረግጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ፣ አንዳንዴም የሚነክስ ሆኖ ተገኘ። ከአምስት ቀን በኋላ የስምንት ሞዴሎች ሽያጭ ቆመ።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው፣ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። በዜናው ግን ሁለቱ ተቀላቅለው «ቶዮታ በራሱ ይፈተለካል» ሆኑ። ከዚያም ማንም ያላረጋገጠው ሦስተኛ ነገር ተጨመረባቸው፦ «ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው»።

አሁን ወደ ቀኙ። ቶዮታ በ2008 ጂኤምን በሽያጭ ቀድሞ የዓለም አንደኛ ሆነ። ጂኤም ቦታውን ለ77 ዓመት ይዞት ነበር። ጁን 1 ቀን 2009 ጂኤም የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ወደ 50 ቢሊዮን ዶላር አፍስሶ የ60 በመቶ ያህሉ ባለቤት ሆነ። በዚያው ዓመት ጂኤም ከቶዮታ ጋር በጋራ ይሠራበት ከነበረው የፍሪሞንት ፋብሪካ፣ ኑሚ ከሚባለው፣ ወጣ። ቶዮታም ብቻውን አልቀጥልም ብሎ ኤፕሪል 2010 ላይ ዘጋው። ይህ ፋብሪካ በአሜሪካ ከነበሩት የቶዮታ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራተኞቹ በዩኤደብሊው የመኪና ሠራተኞች ማኅበር የታቀፉበት ብቸኛው ነበር። በዚያ ላይ 2010 የምርጫ ዓመት ነው።

እንግዲህ ቶዮታን የሚቆጣጠረው የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በሥሩ ያለበት መንግሥት የቶዮታ ዋና ተፎካካሪ ባለቤትም ነበር። ዳኛው ባለጉዳይ ሆኖ ሲገኝ መጠርጠር እብደት አይደለም። ጥርጣሬውን የሚያጣጥሉ ሰዎች ይህን ሲዘሉት በእውነት ያናድደኛል።

ግን ጥርጣሬ የት መቆፈር እንዳለብኝ እንጂ ቆፍሬ ምን እንደማገኝ አይነግረኝም። ስለዚህ ራሴን ጠየቅኩ፦ ነገሩ ፖለቲካ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ማየት ነበረብኝ?

በመጀመሪያ ጉድለት የሌለው ሪኮል ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። እንዲያውም ከባዱ ማስረጃ የመጣው ከቶዮታ ከራሱ ወረቀቶች ነው። የጁላይ 2009 የውስጥ ሰነድ የኩባንያውን «ድሎች» ሲዘረዝር፣ ቀደም ሲል የካምሪና የሌክሰስ ሪኮል በወለል ምንጣፍ ብቻ እንዲወሰን ከተቆጣጣሪው ጋር ተደራድረን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዳንን ይላል። ጃንዋሪ 16 ቀን 2010፣ ማለትም ከፔዳሉ ሪኮል አምስት ቀን በፊት፣ በአሜሪካ የቶዮታ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበሩት ኧርቪን ሚለር ለባልደረቦቻቸው በጻፉት ኢሜይል የመደበቂያው ጊዜ አልፏል፣ እውነቱን ማውጣት አለብን አሉ። እነዚህ ወረቀቶች አደባባይ የወጡት ኮንግረስና የመንግሥት መርማሪዎች ሰነድ አምጡ ብለው ስለያዙ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። ሰነዱን ያስወጣው ሰው ምርጫ ለማሸነፍ ይሁን ለሕዝብ ደኅንነት ብሎ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አይለወጥም።

ማርች 2014 ላይ ቶዮታ ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ፣ ደንበኞቹን ማሳሳቱንም አመነ። መንግሥት የመጨረሻውን የጂኤም አክሲዮን የሸጠው ዲሴምበር 2013 ነው። ትልቁ ቅጣት የመጣው መንግሥት በጂኤም ውስጥ አንድም ድርሻ ሳይኖረው ነው ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ «ሁሉም ለጂኤም ሲባል ነው» የሚለው ታሪክ መቆሚያ አጣብኝ።

ሁለተኛ፣ ፖለቲከኞቹ «የአገር ልጅ» እና «ባዕድ» ብለው ተሰልፈው ማየት ነበረብኝ። የኬንታኪ፣ የኢንዲያና፣ የሚሲሲፒና የአላባማ ገዢዎች ግን ፌብሩዋሪ 2010 ለኮንግረስ ደብዳቤ ጽፈው ለቶዮታ ተከራከሩ፤ መንግሥት የጂኤም ባለቤት ሆኖ ቶዮታን ሲዳኝ የጥቅም ግጭት አለበት አሉ። ለምን? ቶዮታ በእነሱ ግዛት ፋብሪካ አለዋ። ስለ ቶዮታ የተጠራውን የሴኔት ስብሰባ የመሩት ሴናተር ጄይ ሮክፌለር ራሳቸው የቶዮታን የሞተር ፋብሪካ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ለማምጣት የደከሙ ሰው ናቸው። አሰላለፉን የወሰነው ሰንደቅ ዓላማ ሳይሆን እንጀራ ነው። ደግሞስ የውጭ ኩባንያ ስንል ምን ማለታችን ነው? ካምሪ ኬንታኪ ውስጥ ይገጣጠማል። የሚነክሰውን ፔዳል የሠራው ሲቲኤስ የሚባል የኢንዲያና ኩባንያ ነው።

ሦስተኛው ፈተና የአገሬው ኩባንያ በተመሳሳይ ጥፋት ይታለፋል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጠርጣሪዎቹ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ጂኤም የሞተር ማስነሻ ቁልፉ በጉዞ ላይ እየተንሸራተተ ሞተር እንደሚያጠፋና ኤርባግ እንደሚያሰናክል በውስጡ ለዓመታት ሲታወቅ ቆይቶ ሪኮል የጀመረው ፌብሩዋሪ 2014 ነው። የካሳ ፈንዱ 124 ሞት ተቀበለ። ቅጣቱ ግን በ2015 በተደረገው ስምምነት 900 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ከቶዮታ ያነሰ። አቃቤ ሕግ ጂኤም ፈጥኖ ስለተባበረ ነው አለ። እኔ በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አልረካሁም። ቢሆንም የጂኤም ኃላፊ ሜሪ ባራም እንደ ያኔው የቶዮታ ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ተፋጠዋል፤ ታለፉ ለማለት አይቻልም።

የሚዲያው ጉዳይ ግን ከፖለቲካው ይበልጥ አሳስቦኛል፣ ብዙ ጊዜዬንም የወሰደው እሱ ነው።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2010፣ ልክ የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ቶዮታ የጠራው ስብሰባ ሊጀመር ሲል፣ ኤቢሲ ቴሌቪዥን አንድ ዘገባ አቀረበ። የደቡባዊ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዴቪድ ጊልበርት አንድ ቶዮታ ሳይታዘዝ እንዲፈተለክ አደረጉ፣ ኮምፒውተሩም ስህተት አልመዘገበም። ያስፈራል። ግን እንዴት እንዳደረጉት ሳነብ የፔዳሉን የሴንሰር ሽቦዎች ልጠው፣ በመካከላቸው ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቀንስ ዕቃ) አስገብተው፣ በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ጨምረውበት ነው። በዘገባው የታየው የሞተር ዙር ቆጣሪ ሽቅብ ሲወረወር የሚያሳየው ምስል ደግሞ የተቀረጸው መኪናው ቆሞ ሳለ ነበር፤ ኤቢሲ ይህን አምኖ ምስሉን ቀየረ። ለሥራው የከፈለው ድርጅት ቶዮታን ከከሰሱ ጠበቆች ጋር የሚሠራ አማካሪ ነበር። ቶዮታም በበኩሉ ኤክስፖነንት የሚባል ድርጅት ቀጥሮ ያው ዘዴ በሌሎች አምራቾች መኪና ላይም ያንኑ ውጤት እንደሚያመጣ አሳየ። ሁለቱም ወገን ከፍሏል። ስለዚህ «ማን ከፈለው» ብሎ ማቆም አያዋጣም። የሚጠቅመው መኪናው ላይ በእጅ ምን እንደተደረገ መጠየቅ ነው፣ ያ ነገር መንገድ ላይ በራሱ ሊሆን ይችላል ወይ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩ። በኖቬምበር 1986 ሲቢኤስ ስለ አውዲ 5000 ያቀረበው ዘገባ ላይ ፔዳሉ በራሱ ሲወርድ ይታያል። ለዚያ ትዕይንት ካምቢዮው ተበስቶ በግፊት አየር ነበር የሚሠራው። በ1989 የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ አብዛኞቹ ሹፌሮች ፍሬን መስሏቸው ቤንዚን ረግጠው ነው ብሎ ደመደመ፣ የአውዲ የአሜሪካ ገበያ ግን ቀድሞ ወድቆ ነበር። እዚህ ብቆም ኖሮ «የአሜሪካ ሚዲያ የውጭ መኪና ያጠቃል» ብዬ እጽፍ ነበር። ነገር ግን የራሴን ሐሳብ የሚያፈርስ ምሳሌ ሆን ብዬ ፈለግኩ፣ አገኘሁም። በኖቬምበር 1992 ኤንቢሲ የጂኤም ፒካፕ በግጭት ሲቃጠል አሳየ፤ ከሥሩ ማቀጣጠያ ተገጥሞለት ነበር። በፌብሩዋሪ 1993 ይቅርታ ጠየቀ። ጂኤም የአገሩ ኩባንያ ነው፣ አልማሩትም። ቴሌቪዥኑን የሚነዳው የሚንቀሳቀስና የሚያስደነግጥ ምስል ፍለጋ ነው። ምንጣፍ ፔዳል ይዞ ሲቀር ደግሞ ለካሜራ አይመችም።

ሌላው የተማርኩት ስለ ቁጥር ነው። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2010 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ሬይ ላሁድ በኮንግረስ ፊት የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች መንዳት ያቁሙ አሉ። በዚያው ቀን ቃላቸውን አስተካከሉ፣ ግን ቃሉ ወጥቷል። ዜናው በጮኸ ቁጥር የሹፌሮች አቤቱታም ይጎርፍ ነበር። መኪኖቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ አልተበላሹም፤ የተለወጠው ሰው የሚሰማው ወሬ ነው። ስለዚህ የአቤቱታ ብዛት ሲጠቀስልኝ ከዜናው በፊት ነው ከዜናው በኋላ ብዬ እጠይቃለሁ። የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በዚያው ዓመት የ58 መኪኖችን የአደጋ መዝጋቢ ሲያነብ በ35ቱ ላይ ፍሬን ጨርሶ አልተረገጠም ነበር።

ኮምፒውተሩስ? ናሳ ተጠርቶ ወደ 280,000 የሚጠጋ የኮድ መስመር መረመረ፤ ፌብሩዋሪ 2011 በወጣው ውጤት መሠረት መኪና የሚያስፈተልክ የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አላገኘም። በ2013 ግን አንድ የኦክላሆማ የዳኞች ሸንጎ ስለ 2005 ካምሪ የሶፍትዌር ባለሙያ ምስክርነት ሰምቶ ቶዮታ 3 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ሁለቱን አብሬ ያዝኳቸው። ናሳ የተጠየቀው ጉድለቱን አግኝቶ እንዲያሳይ ነው፣ ሸንጎው የተጠየቀው ደግሞ የትኛው ወደ እውነት ያደላል ተብሎ ነው። ለተለያየ ጥያቄ የተሰጠን መልስ አንዱን በሌላው መሻር አይቻልም።

በዚህ ሁሉ መሃል የተረሳው ሹፌሩ ነው፣ ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። አንድ የመኪና መጽሔት ባለ ቪ6 ካምሪ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ቤንዚኑ እስከ ወለሉ ተረግጦ ሳለ ፍሬን ቢያዝ በ58 ሜትር ይቆማል ብሎ በሙከራ አሳይቷል። ቤንዚን ሳይረገጥ 53 ሜትር ነው። ልዩነቱ አምስት ሜትር ብቻ! ፍሬኑን አንዴ አጥብቆ መርገጥ፣ እየደጋገሙ አለመርገጥ (ሲደጋገም የፍሬኑ ማገዣ ይደክማል)፣ ማርሹን ፍሪ ማድረግ፣ መኪናው በቁልፍ ፈንታ በአዝራር የሚነሳ ከሆነ አዝራሩን ጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ መቆየት። ይህ በየሰዓቱ መነገር የነበረበት ነገር ነው። ሰው ግን ደጋግሞ የሰማው የስልኩን ድምፅና የፖለቲከኞችን ቁጣ ነው።

ፍሬን ሲረገጥ የሞተሩን ጉልበት የሚቆርጠው ሥርዓት ያኔ አዲስ ግኝት አልነበረም፤ አንዳንድ የጀርመን አምራቾችና ክራይስለር ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር። ቶዮታ በአዳዲስ ሞዴሎቹ ላይ በመደበኛነት የገጠመው ከሪኮሉ በኋላ ነው። ጥፋተኛው ምንጣፉ ይሁን ፔዳሉ፣ ሹፌሩ ፍሬን እስከረገጠ ድረስ ይሠራል።