እሳት ነክቶታል

ሐምሌ ሊያልቅ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የአዌቱ ወንዝ መሙላቱን ሳላየው አውቃለሁ፤ በደጃችን የሚያልፈው ሰው ሁሉ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። እንዲህ ባለ ቀን ልቤ ያለ ምክንያት ይከብደኛል። ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ክረምቱን የሚለምደው መስሎኝ ነበር፤ እኔ ግን አልለመድኩትም።

የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ባትሪው ሳያልቅበት ፎርም መሙላት ይፈልጋል። አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች ሊያመለክት ነው። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት አንድ የጋራ ማመልከቻ አለ፤ በየዓመቱ ሐምሌ 25 አካባቢ ይከፈታል። ከተከፈተ ሦስት ቀኑ ነው፤ እሱም ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የለውም።

«አክስቴ፣ ዘርህ ምንድን ነው ይላል። ምን ልበል?»

ደነገጥኩ። እዚህ አገር «ዘርህ ምንድን ነው» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማን እንደጠየቀው ነው። ከዚያ ለምን እንደጠየቀው። መልሱ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። የሚጠይቀው እኔ ያሰብኩትን፣ ብሔሩን፣ አይደለም። ነጭ፣ እስያዊ፣ ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ እያለ ይቀጥላል።

«እኔ ጥቁር ነኝ እንዴ?» አለኝ።

በቁም ነገር ነው የጠየቀኝ። እዚሁ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ያደገ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ጠይም ሲባል ነው የኖረው። ጥቁር ብሎ የጠራው ሰው የለም። አውሮፕላን ሳይሳፈር፣ ቪዛ ሳይጠይቅ፣ እዚሁ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ጥቁር ሊሆን ነው።

መመለስ ግዴታ እንዳልሆነ ነገርኩት። ደግሞም ከ2023 ወዲህ ኮሌጆቹ ከፈለጉ ያን መልስ እንዳያዩት ማድረግ ይችላሉ። «ለምን?» አለኝ። የማውቀውን ልነግረው ጀመርኩ።

ጉዳዩን በደንብ ነው የተከታተልኩት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2023 ኮሌጆች ተማሪ ሲመርጡ የቆዳ ቀለምን እንደ ነጥብ መቁጠር አይችሉም ብሎ ፈረደ። የተከሰሱት ሁለት ናቸው፤ ሃርቫርድ እና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ። የሰሜን ካሮላይናው 6 ለ3፣ የሃርቫርዱ 6 ለ2 ተወሰነ። ሁለተኛው አንድ ድምፅ የጎደለው ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ከሃርቫርድ የበላይ ጠባቂ ቦርድ ጋር ስለሠሩ ራሳቸውን ከዚያ መዝገብ በማግለላቸው ነው።

የዋና ዳኛው የጆን ሮበርትስ ሐሳብ በአጭሩ፣ የዘር መድልዎን ማጥፋት ማለት ሁሉንም ማጥፋት ማለት ነው የሚል ነው። ጃክሰን ደግሞ ሕግ ዘርን አላይም ስላለ ኑሮ ማየቱን አይተውም ብለው ጻፉ። ሁለቱንም ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ልቤ ከጃክሰን ጋር ነው። ግን ክሱ ሃርቫርድ በድሏቸዋል ያላቸውን የእስያ ተወላጆች ልጆች ቅሬታ ማጣጣል አልችልም። በክርክሩ ላይ የሃርቫርድ የራሱ መዝገብ ሲወጣ፣ እነዚያ ልጆች በትምህርት ውጤታቸው ከፍ ብለው «ሰብዕና» በሚባለው መለኪያ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። የሥር ፍርድ ቤት ሆን ተብሎ የተደረገ መድልዎ አላገኘሁም አለ። ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ላደገ ልጅ «ሰብዕናህ ትንሽ ይቀረዋል» የሚል ነጥብ ምን ያህል እንደሚያም ይገባኛል። በዚያው ኮሌጅ ደግሞ አባቱ የተማረበት፣ ቤተሰቡ ገንዘብ የሰጠ ልጅ በዚያ ምክንያት ቅድሚያ ሲያገኝ ኖሯል። ክሱ የቀረበው በእሱ ላይ አልነበረም፤ ፍርዱም አልነካውም።

ነገሩ የ2023 ብቻ አይደለም። ቀደም ሲል አለን ባኪ የሚባል ነጭ አመልካች ካሊፎርኒያ ዴቪስ ያለውን የሕክምና ትምህርት ቤት ከስሶ ነበር። ከ100 ቦታ 16ቱ ለአናሳ ወገኖች ተለይቶ ተይዟል፣ እኔ በዚያ ምክንያት ቀረሁ ብሎ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ይግባ አለ፤ ኮታውንም ሻረ። ግን ዘርን ከብዙ ነገሮች አንዱ አድርጎ ማየት ይቻላል ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። ያ በር ነው በ2023 የተዘጋው። ፍርዱ ከወጣ በኋላ ኤም አይ ቲ የሚባለው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ በተቀበላቸው ተማሪዎች ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ13 በመቶ ገደማ ወደ 5 በመቶ ወረደ።

ይኼን እየነገርኩት እንቅልፍ ወሰደው። ስልኩ ደረቱ ላይ እንደበራ ነው። ጋቢ አለበስኩት።

እኔ ግን አልተኛሁም። ያን ጊዜ ስለ አንድ ሩቅ አገር ፍርድ ሳምንት ሙሉ ያነበብኩት ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ስለ ራሴ ነበር የማነበው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በአፈርማቲቭ ነው። ይኼን ጽፌው አላውቅም። የወንዶቹ መግቢያ ነጥብ ላይ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። የሴቶቹን አልፌያለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 35 ሴቶች ከኋላ የመጣ የበታችነትና የልዩነት ታሪክ ስላለባቸው የድጋፍ እርምጃ ይገባቸዋል ይላል። ያ አንቀጽ እኔን አንሥቶ ዶርም ውስጥ አስቀመጠኝ ማለት ነው።

ግቢ ውስጥ ቃሉ እንደ ቅጽል ስም ነው። «እሷ እኮ በአፈርማቲቭ ናት።» አንድ ሴሚስተር በአንድ ኮርስ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ውጤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እያየን አንድ ልጅ ከኋላዬ «እዚህም ለሴት ይጨመራል እንዴ?» አለ። የሳቁትን አየኋቸው። ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በጥሩ ውጤቴ ከልቤ ተደስቼ አላውቅም። አንድ ጥግ ላይ ያ ድምፅ አለ።

መልስ ግን ነበረኝ። ወንድሜና እኔ አንድ ዓመት ነበር የተፈተንነው። እሱ ከትምህርት ቤት መጥቶ በልቶ ወደ ደብተሩ ይሄዳል። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን እንጀራ እጋግራለሁ። በክረምት እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ከምጣዱ ተነሥቼ ደብተር ስገልጥ ፊደሉ ይደራረብብኝ ነበር። የፈተናው ሳምንት እንኳን ጋግሬያለሁ። ወንድሜ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ጋግር ያለው ሰው የለም፣ በቃ። በእኛ መካከል የነበረው የነጥብ ልዩነት ትንሽ ነው። ያ ልዩነት ስንት ምጣድ እንጀራ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ይኼን ለዚያ ልጅ ብነግረው ኖሮ ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። ምናልባት እሱም የራሱ ምጣድ ነበረው። ከገጠር በባዶ እግሩ ተመላልሶ የተማረ ሊሆን ይችላል፤ ነጥብ የጨመረለትም የለም። ልክ እንደ ባኪ፣ ልክ እንደነዚያ እስያውያን ልጆች፣ እሱም በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው እኔን እንጂ ታሪክን አይደለም። የተናደደውም በሚያየው ሰው ላይ ነው።

እዚህ ጋ ላቆም ነበር። ግን ሐሳብ አንዴ ከተነሣ አይመለስም።

ልጅ ሆኜ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ሸክላ የምትሠራ ሴት ወደ ሂርማታ ገበያ ስትሄድ በእኛ በር ታልፍ ነበር። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ፣ ሁሉም በሣር ተጠቅልሎ ጀርባዋ ላይ። የወገኗን መጠሪያ አልጽፈውም፤ ሰዎች እንደ ስድብ ነው የሚጠቀሙበት። አያቴ ትወዳት ነበር። እውነቴን ነው፤ ትወዳት ነበር። ሁልጊዜ ቡና አትከለክላትም።

ቡናዋ ግን የራሱ ሲኒ ነበረው። ጠርዙ የተሸረፈ፣ ቀይ አበባው የደበዘዘ። ቦታው ረከቦቱ ላይ አይደለም፤ ከውጭ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ሴትየዋ ከበረንዳው አታልፍም። አያቴ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ሲኒው ሳይነካት ትቀዳላታለች። ጠጥታ ስትጨርስ እዚያው መልሳ ትደፋዋለች። እኛ ልጆች ያን ሲኒ አንነካም። አትንኩ ያለን ሰው ትዝ አይለኝም። እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን አያቴን «ጀበናውን እኮ እሷ ናት የሠራችው» አልኳት። ስድስት ወይም ሰባት ዓመቴ ነበር። አያቴ አልተቆጣችኝም። አመዱን እየቆሰቆሰች፣ ረጋ ብላ፣

«እሱን እሳት ነክቶታል» አለችኝ።

ጭቃውን የነካው እጅ በእሳት ነጽቷል ማለቷ ነው። እጁ ግን በምን ይነጻ?

ሴትየዋ ልጅ ነበረቻት። አራተኛ ክፍል አብረን ነበርን። እኛ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነን ተጣበን ስንቀመጥ እሷ በሩ አጠገብ ብቻዋን ትቀመጣለች። መምህሩ እዚያ ሂጂ አላላትም። ጽሕፈቷ ከሁላችንም ያምራል፤ ጠዋት ጠዋት ቀኑን ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው እሷ ናት። ጠመኔውን መልሳ ስታስቀምጠው ቀጥሎ የሚያነሣው ልጅ በሱሪው ጠረግ ያደርገዋል። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት እፍኝ የበቆሎ ቆሎ ዘረጋችልኝ። አልራበኝም አልኳት። ርቦኝ ነበር። እጇን ወዲያው አልሰበሰበችም፤ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ ኪሷ መለሰችው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቆመች። የት ሄደች ብሎ የጠየቀ የለም።

አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ሜሪዲዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆኖ ሲገባ በተነሣው ሁከት ሁለት ሰው ሞቷል፤ ያስገባው የፌዴራል ኃይል ነው። ከገባ በኋላ ግን ምግብ ቤት ሲቀመጥ ተማሪዎቹ ጀርባቸውን ያዞሩበት ነበር። ወታደር በር ያስከፍታል። የዞረን ጀርባ ማን ይመልሳል? እኛ አገርም አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው የሚሰድብን የሚያስቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ሁለቱም የአያቴ መስኮት ደፍ ላይ አልደረሱም። አንዲት የቦንጋ ጓደኛዬ በካፋ ስለሚገለሉት ስለ ማንጆዎች ስታወራኝ፣ ቡናም ምግብም ከደጅ፣ በኮባ ቅጠል እየተሰጣቸው መኖራቸውን ስትነግረኝ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ነበር። እኔም ሲኒውን አልነገርኳትም።

እኔ በሞላሁት ፎርም ላይ ለሴት የሚሆን ቦታ ነበር። ለዚያች ልጅ የሚሆን ቦታ አላየሁም። ሴት ስለሆነች የእኔው ነጥብ ይጨመርላት ነበር ይባል ይሆናል። ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላልደረሰ ሰው ምን ይጨመራል? ስለ መግቢያ በሩ የሚከራከረው ሰው ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ እዚያ ድረስ የመጣውን ብቻ ነው የሚያየው።

ከሁለት ዓመት በፊት ገበያ ውስጥ አየኋት። ሸክላ ዘርግታ ተቀምጣለች። እሷ መሆኗን ያወቅኩት ዋጋውን ካርቶን ላይ በከሰል ጽፋው አይቼ ነው። ያ ጽሕፈት። ፊቷ ላይ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ቁጥሮቹ ግን ያው ናቸው፣ የ«7»ቷ አንገት እንደ ድሮው ትንሽ ጎንበስ ይላል። አወቀችኝ። ስሜን ጠራችኝ። ስለ እናቷ ጠየቅኳት፤ አርፈዋል። ስለ አያቴ ጠየቀችኝ፤ አርፋለች። «ነፍሷን ይማር፣ ቡና አትሰለችም ነበር» አለች።

ፊቷን አየሁት። ምንም አላገኘሁበትም። ከልቧ ይሁን፣ ሌላ ነገር ልትለኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቤት መጥተሽ ቡና ጠጪ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የትኛው ሲኒ ትዝ እንደሚላት አሰብኩና ፈራሁ። አንዱን ጀበና አንሥቼ፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ እያየሁት፣ «ስንት ነው?» አልኳት።