መዝግቢ!

ዛሬ ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ይዞኛል። ግንቦት ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ነው፤ ይወብቃል፣ ይጠቁራል፣ ይዘንባል ሲሉት ሳይዘንብ ይቀራል፣ ሰውም ዝም ብሎ ይከፋዋል። ቤት ተቀምጬ ከምተክዝ ብዬ ወደ ጣና ዳር ወጣሁ። ሐሳቤ ስለ ንፋሱ ሁለት መስመር ልጽፍ ነበር።

አንድ አባት ታንኳቸውን ከውሃ ሲያወጡ ደረስኩ። በዚህ ወር ሐይቁ ስለሚሸሽ መጎተቻው ይረዝማል፤ ታንኳዋ የተሠራችበት ደንገልም ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። እየጎተቱ፣ እያረፉ አወጧትና ዛፍ ላይ አስደግፈው አቆሟት። ውሃው ከታች በኩል ይንጠባጠብ ጀመር።

«በየቀኑ ነው እንዲህ የሚያደርጉት አባባ?»

«ታዲያስ! ካልደረቀች ትበሰብሳለች ልጄ።»

«ደክሞዎት አንድ ቀን ቢተዉትስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ነገ ማን ሊጎትታት ነው?» አሉና ወደ መረባቸው ዞሩ።

ጋሼን አስታወሱኝ። የዕቁባችንን ዳኛ ማለቴ ነው። ዕጣ ከሚወጣበት ሰዓት ያረፈደ ይቀጣል፣ ደንቡ ይሄ ነው። ጾሙ ሊያዝ አካባቢ አንድ እሁድ ያረፈዱት ራሳቸው ጋሼ ሆኑ። ከቀብር ነው የመጡት፤ የመቃብሩ አፈር ጫማቸው ላይ ነበር። ሳይቀመጡ ከኮታቸው ኪስ ብር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ጸሐፊዋን «መዝግቢ» አሏት። እሷ እስክሪብቶ አላነሳችም።

«እርስዎማ ቀብር ላይ ነበሩ እኮ ጋሼ!»

«ባለፈው ይሄ ልጅ ከቀብር መጣሁ ሲለኝ ቀጥቼው የለ? መዝግቢ!»

«ይሄ ልጅ» አጠገቤ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ስልኩን እየነካካ ፈገግ አለ። እንደ ልማዱ ሲያረፍድ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። መሥሪያ ቤት ስለ መልካም አመራር ሥልጠና ወስደን እናውቃለን፤ እኔ ከሥልጠናው የማስታውሰው ምሳውን ነው።

ግን ደግሞ በቃል መጽናት ብቻውን ደግ ነገር ነው እንዴ? «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ተረት ሁልጊዜ ያስፈራኛል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የአገሩ ሃይማኖት አድርገው በዚያው ጸኑ፤ ስንት ገበሬ አለቀበት። በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ ይመለስ ብለው አወጁና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። የልጅየው አጽም እዚሁ ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው ያረፈው። አባትየው ታዲያ ቃላቸውን አጠፉ እንበል ወይስ ቅጣታቸውን ከፈሉ? እኔ ከፈሉ ባይ ነኝ፣ ዘግይተውም ቢሆን። ጋሼ ቢሆኑ የመዘግየቱንም ጨምረው ያስከፍሏቸው ነበር።

ወደ ራሴ ስመጣ ነገሩ ያስቃል። የባንክ ደብተሬ ላይ ገቢ የተጻፈበትን ቦታ መፈለግ ይጠይቃል፤ ወጪው ግን ገጹን ሞልቶታል። የዕቁቡን ብር አንድም ቀን አዛንፌ አላውቅም። ሰው ሁሉ ቆጣቢ ይለኛል። የምን ቆጣቢ! ጋሼን እፈራለሁ እንጂ። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር የምሮጠውም አንዲት ጓደኛዬ በር ላይ ቆማ ስትጮህብኝ ነው፤ እሷ ወደ ቤተሰቦቿ የሄደች ሰሞን ጫማዬን ድመቷ ተኝታበት ነበር።

ይሄን ሁሉ የሚያስለፈልፈኝ ለካ ሌላ ነው። ጋሼ «ከመስከረም ጀምሮ ሌላ ዳኛ ፈልጉ፣ እኔ ደክሜያለሁ» ብለዋል። ማን ይሁን ሲባል ጸሐፊዋ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሷ አታረፍድ፣ አታዛንፍ!» ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ፣ ያ አርፋጁ ልጅ ሳይቀር። እሺ ልበል እንቢ ልበል ሳልወስን ቡና ቀረበና ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ዞረ፤ እነሱ ግን እሺ እንዳልኩ ቆጥረውታል።

እስካሁን የከፈልኩት እኮ ጋሼ ከዚያ ወንበር ላይ ሆነው ስለሚያዩኝ ነው። ወንበሩ ላይ እኔው ከተቀመጥኩ ማን ሊያየኝ ነው? ዳኝነቱን ቢተዉም ከአባልነቱ እንዳይወጡ፣ በተለይ ፊት ለፊቴ እንዲቀመጡ፣ ከወዲሁ ሽማግሌ ልላክባቸው ይሆን?