ሌላ ነገር መስለው የተሠሩ አሮጌ ሰንጢዎች

የምሰበስባቸው ሰንጢዎች ታጥፈው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ሰንጢ አይመስሉም። አንዱ የሻምፓኝ ጠርሙስ ነው፤ አንዱ ባለተረከዝ ቦቲ ያጠለቀ የሴት እግር ነው፤ ሌላው የበር ቁልፍ ነው፤ ሌላው ደግሞ ቅርፊቱ አንድ በአንድ የተቀረጸለት ዓሣ ነው። ጥፍሩን አስገብቶ ስለቱን ለሚስብ ሰው ግን እያንዳንዳቸው እንደማንኛውም ደህና ሰንጢ ስለቱን አጥብቆ በሚይዝ የብረት ሞላ የሚሠሩ፣ ፍራፍሬ የሚልጡ፣ ሲባጎ የሚቆርጡ፣ እርሳስ የሚቀርጹ መሣሪያዎች ናቸው። በእኔ ዘንድ ያሉት አብዛኞቹ የተሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በእንግሊዟ ሼፊልድና በጀርመኗ ዞሊንገን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተደበቀ ስለት ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሰላይን ወይም ወንጀለኛን ነው። በዚህ ዘርፍ የሚገኙት አብዛኞቹ አሮጌ ሰንጢዎች ግን ማንንም ለማታለል የተሠሩ አይደሉም። ከራት በኋላ ከኪስ ወጥተው እጅ በእጅ እንዲዞሩ፣ ሰውን ፈገግ እንዲያሰኙ፣ አንዳንዴም የአንድን ነጋዴ ስም እንዲያስታውሱ የተሠሩ ስጦታዎች ናቸው። ለማስደሰት የተሠራውንና ለመደበቅ የተሠራውን ለይቶ ማወቅ የሰብሳቢ የመጀመሪያ ሥራ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ በሕግ ፊትም ከባድ ነው።

መሣሪያን በሌላ ነገር አምሳል መሥራት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበሩ እንግሊዛውያን ያመጡት አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ኮርብሪጅ በሚባለው ቦታ፣ ከታይን ወንዝ ውስጥ፣ በ1997 የወጣ ከመዳብ ቅልቅል የተሠራ የሮማውያን የሰንጢ እጀታ አለ፤ ቅርጹ ራሱን በቁር የሸፈነ ግላዲያተር፣ ማለትም ለሕዝብ ትርዒት የሚፋለም ተዋጊ ነው። በሮማውያን ዘመን ብሪታንያ ጥንቸል የሚያባርር ውሻ የተቀረጸባቸው የሰንጢ እጀታዎችም በተለያዩ ቦታዎች ተገኝተዋል። በካምብሪጅ የፊትዝዊሊያም ቤተ መዘክር ውስጥ ደግሞ ቢላ፣ ማንኪያ፣ ሹካና ሌሎች ጥቃቅን መሣሪያዎች በአንድ ላይ የሚታጠፉበት፣ ከብር የተሠራ የ3ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ይታያል። የስዊሱ ካርል ኤልስነር ዛሬ የስዊስ ጦር ሰንጢ በመባል የሚታወቀውን ባለብዙ መሣሪያ የመኮንኖች ሰንጢ በሕግ ያስመዘገበው በ1897 መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህን ዕቃ በመስታወት ውስጥ ማየት ያስደንቃል።

የሴት እግር ሰንጢ የዘርፉ መታወቂያ ነው ማለት ይቻላል። የእኔው ጭኑ ከዞጲ እንጨት፣ ቦቲው ደግሞ ብር ከሚመስል የኒኬል ቅልቅል የተሠራ ነው። ከጣት የማይረዝም ዕቃ ሆኖ ሳለ የቦቲው ቁልፎች ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ ተራ ጠብቀው ይወርዳሉ፤ በማጉያ መነጽር ሲታዩም ቀራጩ ለእያንዳንዷ ቁልፍ ብረቱን ለየብቻ እንደነካ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ሁለት አንድ ዓይነት ቁልፍ የለም። ስለቱ ከጭኑ ጫፍ ታስሮ ወደ ቦቲው ይታጠፋል። በስለቱ ግርጌ፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ የሠሪው ማኅተምና የአገሩ ስም ተመትቶበታል።

ይህች የአገር ስም ትንሽ ብትመስልም ለሰብሳቢ ትልቅ ፍንጭ ናት። እንግሊዝ በ1887 ባወጣችው የንግድ ምልክቶች ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የእንግሊዝ ሥራ መስሎ እንዳይሸጥ የተሠራበት አገር እንዲጻፍ አደረገች፤ ለዚህ ሕግ ከገፋፉት ቅሬታዎች አንዱ የሼፊልድ ስም እየተመታባቸው ይሸጡ የነበሩት የጀርመን ስለቶች ጉዳይ ነበር። አሜሪካ ደግሞ በ1890 በወጣው የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ ተመሳሳይ ግዴታ ጣለች። ስለዚህ «ጀርመን» የሚል ማኅተም ያለበት ሰንጢ በአብዛኛው ከእነዚህ ሕጎች በኋላ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። የአገር ስም የሌለበት ግን የግድ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው ማለት አይደለም፤ ለአገር ውስጥ ገበያ የቀረበ ሊሆን ይችላል፤ ማኅተሙም በተደጋጋሚ መሳል ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው በእጀታው ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ያለችውን ሰንጢ ነው። ቀዳዳዋን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሰንጢውን ወደ ብርሃን ለሚያዞር ሰው ጢሙ የተበጠረ፣ ኮቱን የለበሰ አንድ ባለግርማ ሰው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረው ታዋቂው ቢራ ጠማቂ አዶልፈስ ቡሽ ነው። በዘመኑ ሌላው ነጋዴ የስም ካርድ ሲያድል እርሱ ለደንበኞቹና ለወዳጆቹ የሚሰጠው ምስሉ የተደበቀበትን ሰንጢ ነበር። ተቀባዩ ሰንጢውን በተጠቀመበት ቁጥር የሰጠውን ሰው ያስታውሳል፤ ለሌላ ሰው ባሳየ ቁጥርም ወሬው ይዛመታል። ከዚህ የተሻለ የማስታወቂያ ዘዴ በኪስ ዕቃ ላይ አላየሁም።

ከቀዳዳዋ ውስጥ ያለው ነገር ሊብራራ የሚገባው ነው። ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ የመስታወት ዘንግ ሲሆን ወደ ዓይን የሚመጣው ጫፉ ጉብ ያለ፣ ሌላው ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ጉብ ያለው ጫፍ ምስሉን ያጎላል፤ ከጠፍጣፋው ጫፍ ላይ ደግሞ ከነጥብ ብዙም የማይበልጥ ፎቶግራፍ ከዛፍ በሚገኝ ግልጽ ሙጫ ተለጥፏል። ሌንሱ የሚጠራው ከ1753 እስከ 1816 በኖረው እንግሊዛዊ መስፍን በቻርልስ ስታንሆፕ ስም ነው። ከረቂቅ ፎቶግራፍ ጋር አዋሕዶ በ1859 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ግን ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ረኔ ዳግሮን ነው። ይኸው ዳግሮን የፕሩሺያ ጦር ፓሪስን በከበበበት በ1870 በአየር ፊኛ ከከተማዋ ወጥቶ፣ በብዙ የሚቆጠሩ መልእክቶችን በረቂቅ ፊልም እያነሣ በርግቦች ወደተከበበችው ፓሪስ እንዲላኩ አድርጓል። ለጌጥና ለሰንጢ መጫወቻ የዋለው ጥበብ የአንድን የተከበበ ሕዝብ ደብዳቤ ለማድረስ መብቃቱን ሳስብ፣ እነዚህን ሰንጢዎች ተራ ቅራቅንቦ ብሎ የሚንቅ ሰው ያሳዝነኛል።

እንዲህ ያለ ሰንጢ የገዛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ዘይት፣ አልኮልና ሙቀት ሙጫውን ያላቅቁታል፤ ሙጫው ከለቀቀ ምስሉ አብሮ ይሄዳል፤ የቀረው ባዶ መስታወት ነው። ማጠፊያውን ዘይት ሲያጠጡ ጠብታው ወደ ቀዳዳዋ እንዳይሄድ መጠንቀቅ፣ ሌንሱንም በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ መጥረግ ያስፈልጋል።

ስለ ስለት ብዛት ብዙ አልልም። የሼፊልዱ ጆሴፍ ሮጀርስና ልጆቹ ድርጅት ለ1851ዱ የለንደን ታላቅ ዐውደ ርእይ የሠራው ኖርፎክ የሚባለው ሰንጢ 75 ስለቶችና መሣሪያዎች አሉት፤ የእጅ ጥበቡ ጥግ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ኪስ የማይገባ ሰንጢ ሐውልት ነው እንጂ የእኔ ፍላጎት አይደለም።

በእርግጥ ለመደበቅ የተሠሩትን በተመለከተ የምመርጠው ዓላማቸው በግልጽ የታወቀውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዕቃዎች ነው። የእንግሊዙ ኤም አይ 9 የተባለው ክፍል በ1939 መጨረሻ ሲቋቋም ተግባሩ የተማረኩ ወታደሮች እንዲያመልጡ፣ በጠላት ምድር የወደቁ አብራሪዎችም እንዳይያዙ መርዳት ነበር። ለዚህ ክፍል ዕቃ ይፈጥር የነበረው ክሪስቶፈር ክሌይተን ሃተን ካወጣቸው ሐሳቦች አንዱ የአብራሪዎች ማምለጫ ቦቲ ነው። በቦቲው ውስጥ ትንሽ ሰንጢ ይደበቃል፤ አብራሪው መሬት ሲደርስ በዚያች ሰንጢ የቦቲውን ረጅም ቅልጥም ቆርጦ ይጥላል፤ እግሩ ላይ የሚቀረው የተራ ሰው ጫማ ነው፤ በመንገድ ሲሄድም ወታደር መሆኑ በጫማው አይታወቅም። ሰንጢዋ ራሷ ምንም ጌጥ የሌላት ተራ ዕቃ ናት፤ ያላት ዋጋ ሁሉ ከተደበቀችበት ቦታና ከተደበቀችበት ምክንያት የመጣ ነው። በመሆኑም ከቦቲው የተለየች አንዲት ሰንጢ «የማምለጫ ሰንጢ ናት» ተብላ በውድ ዋጋ ስትቀርብ፣ አስተማማኝ ማስረጃ ከሌለ ባትገዙ ይሻላል።

ወደ ሕጉ ስመለስ፣ እንደ እኔ በእንግሊዝ ለሚኖር ሰው ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። ከ2002 ጀምሮ፣ ስለቱ የተደበቀና ሰው በኪሱ ወይም በቦርሳው የሚይዘውን ተራ ዕቃ እንዲመስል ሆኖ የተሠራ ቢላ መሸጥና ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል፤ ሕጉ በምሳሌነት ከሚጠራቸው መካከል ማበጠሪያ፣ እስክሪብቶ፣ ሲጋራ መለኮሻ፣ ሊፕስቲክና ቁልፍ ይገኛሉ። በ2019 የወጣው ሕግ በ2021 ሥራ ላይ ሲውል እነዚህን በቤት ማስቀመጥም ወንጀል ሆነ። ከተሠራ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ ግን እንደ ቅርስ ተቆጥሮ ከክልከላው ይወጣል። እንግዲህ የእግር ወይም የዓሣ ቅርጽ ያለው ሰንጢ ብዙ ሥጋት የለበትም፤ የቁልፍ ቅርጽ ያለው ግን ዕድሜው ካልተረጋገጠ ባለቤቱን ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ቁልፍ መሰል ሰንጢ የምገዛው በማኅተሙና በአሠራሩ ዕድሜው ሲታወቅ፣ ሻጩም በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ከቤትም ይዤው አልወጣም። በአሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የየግዛቱ ሕግ እንደሚለያይ አትዘንጉ፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ የሊፕስቲክ፣ የእስክሪብቶና የቀበቶ መቆለፊያ ቅርጽ ያላቸውን ስለቶች በስም ጠቅሳ ከልክላለች።

አዲስ የተሠራን ዕቃ አሮጌ አስመስሎ መሸጥ በዚህ ገበያ የተለመደ በመሆኑ፣ አንድ ሰንጢ እጄ ሲገባ ቅርጹን የማየው በመጨረሻ ነው። ቅርጽ በቀላሉ ይቀዳል፤ ማጠፊያን መቅዳት ግን ከባድ ነው። መጀመሪያ ስለቱን ከፍቼ ወደ ብርሃን አነሣዋለሁ፤ በጥሩ አሮጌ ሥራ በሞላውና በጎኖቹ መካከል ብርሃን አያልፍም። ከዚያ የመገጣጠሚያውን ምስማሮች አያለሁ፤ በመዶሻ ተመትተው ከእጀታው ጋር እንዲስተካከሉ የተደረጉ መሆን አለባቸው፤ ብሎን ካየሁ እጠራጠራለሁ። ስለቱ «የማይዝግ» የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ ሃሪ ብሬርሊ በሼፊልድ የማይዝገውን ብረት የሠራው በ1913 በመሆኑ፣ «የ1890 ዕቃ ነው» የሚለው ሻጭ ተሳስቷል ወይም ዋሽቷል። ዝገቱንም አያለሁ። በዕድሜ የመጣ ዝገት እጅ በማይደርስበት በማጠፊያው ጥግ ይጠቁራል፣ ጥፍር በሚነካው ቦታ ላይ ግን ብረቱ ተወልውሎ ያበራል፤ በአሲድ የተፈጠረ ዝገት ደግሞ ሁሉንም ቦታ እኩል ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ የተሳለ ስለት ከግርጌው ሰፍቶ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ሙሉ ስፋቱን የጠበቀ ስለት ከደከመ እጀታ ጋር ሲገኝም ስለቱ ተለውጦ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ አቀማመጥ ነው፤ በተለይ የሴሉሎይድ እጀታ ላላቸው። የሻምፓኝ ጠርሙስ መሰል ሰንጢዎችን ጨምሮ ብዙ ባለቀለም እጀታዎች የተሠሩት ከዚህ ቀደምት ፕላስቲክ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ አሲድነት ያለው ጋዝ ይለቃል። ጋዙ የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን በዚያው ሳጥን ውስጥ ያሉትን ሁሉ ያዝጋል፤ ናሱንም አረንጓዴ ያደርገዋል። የሚጣበቅ ስሜት፣ በውስጡ እንደ ተሰነጠቀ በረዶ የሚታይ መስመርና ጠንከር ያለ የካምፎር ሽታ የመበላሸቱ ምልክቶች ናቸው። በእኔ ካሉት አንዱ አረንጓዴ ጠርሙስ ይህ ምልክት ታይቶበታል። እጀታውን አውልቆ በአዲስ መተካት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ሆኖም የተተካ እጀታ ያለው ሰንጢ የሠሪው ሥራ መሆኑ ስለሚቀር አልነካሁትም። ከሌሎቹ ለይቼ፣ ቆዳ በሌለበት፣ አየር በሚገባበትና ከእሳት በራቀ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ ስለቱን ስስ ዘይት ቀብቼ በየጊዜው እያየሁት ነው።