ዛንዚባር ከእማዬ ጋር፦ መጀመሪያ ጨረቃዋ፣ ከዚያ ሆቴሉ

ከዛንዚባር ስንመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ሆቴሉ ነው። ስንት ነው፣ ገንዳ አለው ወይ፣ ቁርሱ እንዴት ነው። እኔ ግን ሆቴሉን የመረጥኩት ከሁሉም መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ዝናቡንና የጾም መቁጠሪያውን አየሁ፣ ቀጥሎ የጨረቃዋን ቀን፣ ከዚያ የእማዬን ጉልበት። እንደገና ባቅድም ቅደም ተከተሉን አልቀይረውም።

የሄድነው እኔ፣ ባለቤቴና እማዬ ነን። ዓላማው ማረፍ ብቻ ነበር። ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ለእኛ ቤት ሰዎች ግን ማረፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ጉዞ ማለት ሌሊት አሥር ሰዓት መነሳት፣ ያለውን ሁሉ ማዳረስ፣ ከዚያ ደክሞ መመለስ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን የጀመርኩት የማንሄድባቸውን ቦታዎች በመጻፍ ነው። የቅመም እርሻ ጉብኝቱ ቀረ። የጆዛኒ ጫካ ቀይ ጉሬዛዎችም ቀሩ፤ እነሱን ሳናይ መቅረታችንስ ያሳዝነኛል። የኪዚምካዚ የዶልፊን ጉዞም ቀረ። ጀልባዎች ዶልፊኖቹን ከበው ሲያሳድዱ ቪዲዮ አይቼ ስለነበር ለዚያኛው አላዘንኩም። የተረፈው አንድ የባሕር ዳርቻ፣ አንድ የስኖርክሊንግ ቀን (ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ በቱቦ እየተነፈሱ ዓሣ ማየት ነው)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አሮጌዋ ከተማ ስቶን ታውን ነው።

«ታዲያ ይህን ያህል ሄደን ምንም ሳናይ ልንመለስ ነው?» አለ ባለቤቴ። ይህን ያህል የሚለው ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። የሰዓት ለውጥ እንኳን የለም።

ወቅቱን ስመርጥ መጀመሪያ ዝናቡን አየሁ። ዛንዚባር ላይ ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ኅዳር አካባቢ ደግሞ አጭር ዝናብ አለ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ካስካዚ ይሉታል። ሙቀቱ ይበረታል፣ ባሕሩም ሞቅ ይላል። ለእማዬ ሞቅ ያለ ውኃ ይሻላል ብዬ ወደዚህኛው አደላሁ።

ቀጥሎ ጾሙ መጣ። የነቢያት ጾም እስከ ገና ይቆያል፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከፊታችን ነው። በመካከል ያለችውን ቀዳዳ ያዝኩ። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን የሆቴሉ ዋጋ ጣራ ይነካል፤ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ አውሮፕላኑን ከውጭ የመጣ ወገን ይሞላዋል። ስለዚህ ጥምቀትን አሳልፈን ሄድን። ረመዳን የት እንደሚውልም አይቻለሁ። የደሴቲቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ በጾሙ ጊዜ ከሆቴል ውጭ ያሉ ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፣ ሰው ፊት መብላትም ነውር ነው።

አሁን ወደ ጨረቃዋ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ አለ፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ዛንዚባር ላይ 4 ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይጠባል። ደጋ ላይ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ተረት ይመስላል። ፓጄ ወይም ጃምቢያኒ ሄዶ ያደረ ሰው ግን ምን እንደማወራ ይገባዋል። የምሥራቁ ጠረፍ ሜዳ ስለሆነ ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሄዳል። ማታ ባሕር አጠገብ ተኝታችሁ ስትነሱ ባሕሩ የለም።

ይህ ለአንዳንዱ ሰው ደስ የሚል ነው። ውኃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች ወጥተው የባሕር ሣር እርሻቸውን ይሠራሉ፤ አሸዋው ላይ በተተከሉ ችካሎች መካከል ገመድ ወጥረው ነው የሚያለሙት። ሞገድ ላይ በነፋስ የሚንሸራተቱ ወጣቶችም ፓጄን የሚመርጡት በዚሁ ሜዳነቱ ነው። ለእኛ ግን አልሆነም። እማዬ ጠዋት ቡናዋን ጠጥታ ውኃ ውስጥ እግሯን ልትነክር ስትፈልግ ኪሎ ሜትር ላስኬዳት አልችልም። በዚያ ላይ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ እሾኻማው የባሕር ጃርት ሞልቷል። የውኃ ጫማ ሳያደርጉ መግባት አይገባም።

በሰሜኑ ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ሌላ ናቸው። እዚያ ጥልቁ ውኃ ለዳርቻው ቅርብ ስለሆነ ሲሸሽም ሲሞላም መዋኘት ይቻላል። ኑንግዊ ሞቅ ያለች ናት፤ ደላላውም ይበዛል። ፈገግ ብሎ ሰላም ማለት፣ አመስግኖ ማለፍ ነው እንጂ እዚያው ቆሞ ማስረዳት አያዋጣም። እኛ ኬንድዋን መረጥን። ቀኑንም ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሳምንት አደረግነው። አንደኛ ልዩነቱ ሲጠብ የውኃው ፍሰት ይቀንሳል፣ ላልለመደ ሰው ይቀላል። ሁለተኛ ኬንድዋ ላይ በሙሉ ጨረቃ ትልቅ ጭፈራ አለ። እማዬ በሦስት ሰዓት የምትተኛ ሰው ናት።

ሆቴል መምረጥ ከዚያ በኋላ የአንድ ምሽት ሥራ ሆነ። ምድር ቤት ክፍል፣ በር ላይ ጥላ ያለው ዛፍ፣ ወደ ውኃው ብዙ ደረጃ የሌለው። ሌላውን አልጠየቅኩም።

የስኖርክሊንግ ዝግጅቱን የጀመርነው አዲስ አበባ ነው። ጀልባ ላይ የሚከራየው ማስክ፣ ማለትም ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነው የውኃ መነጽር፣ ብዙ ጊዜ የብዙ ሰው ፊት ያየ፣ ጎማው የደረቀ ነው። ውኃ ያስገባል። ውኃ የገባበት ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ዳግመኛ ፊቱን አይነክርም። ስለዚህ አሜሪካ ያለችው እህቴ ማስኮቹን በሰው እጅ ላከችልን። ልኩን ለማወቅ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አስቀምጡትና በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁ ካልወደቀ ልካችሁ ነው። አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ ስስ ቅባት ስላለው በጥርስ ሳሙና በደንብ መታሸት አለበት፤ አለዚያ ጉም ይለብሳል። ሹሩባ የተሠራችሁ ደግሞ ግንባር ላይ ያለችውን ፀጉር ከጎማው ስር አውጡ። አንዲት ፀጉር ትበቃለች ውኃ ለማስገባት። ጢም ያለውም ሰው ችግር አለበት፤ ባለቤቴ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ያለውን ተላጨ። አሁን እያሳደገው ነው።

ልምምዱን እኔና እሱ ሆቴል መዋኛ ሄደን አደረግን። ላንጋኖም አስበን ነበር፤ ግን ውኃው ቡናማ ስለሆነ የገዛ እጅህንም አታይበት። ዋናው ነገር መዋኘት አይደለም። ፊት ውኃ ውስጥ ሆኖ በአፍ መተንፈስን ጭንቅላት እንዲቀበለው ማድረግ ነው። እማዬ መዋኛ ገንዳ አልሄድም አለች። እኔም ሳፋ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት።

«በዚህ ዕድሜዬ ሳፋ ውስጥ ልታፍኚኝ ነው?»

«እማዬ፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ብቻ ተንፍሺ።»

ባለቤቴ አጠገቧ ቆሞ «አይዞዎት እማማ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ይላታል። መጀመሪያ ብዙ አልቆየችም። በኋላ ግን ሰርክ ከጸሎቷ ቀጥሎ ራሷ ሳፋውን ማስሞላት ጀመረች። ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ምጽዋ ሄዳ ባሕር አይታለች፤ ግን ከላይ ነው ያየችው። ውስጡን የማየት ጉጉት ያኔ እንደተጀመረ የነገረችን በዚሁ የሳፋ ሰሞን ነው።

ልብሱም አለ። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም የሚለውን ወሬ ተዉት። ስኖርክሊንግ ላይ ጀርባችሁ ወደ ሰማይ ሆኖ ነው የምትቆዩት፣ ውኃው ስለሚያቀዘቅዛችሁም መቃጠሉ አይታወቃችሁም። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስና ታይት ለበስን። ለእማዬ ይህ ሁለት ነገር ፈታ፤ ፀሐዩንም፣ ሰው ፊት መራቆቱንም።

የጀልባውን ቀን ለምኔምባ ሰጠነው። ምኔምባ ከሰሜን ምሥራቁ ጠረፍ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ደሴቷ የግል ስለሆነች መውረድ አይቻልም፤ ሰው የሚሄደው በዙሪያዋ ላለው ኮራል ነው፤ ዓሦች የሚኖሩበት፣ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ውስጥ ነገር። ከኑንግዊ ትልልቅ ጀልባዎች ይሄዳሉ፣ መንገዱ ግን ይረዝማል። ከማተምዌ መንደር ቅርብ ነው። በመኪና ማተምዌ ድረስ ሄደን ትንሽ ጀልባ ለብቻችን ያዝን። ከቡድን ጉዞ ይወደዳል፤ ገንዘቤን የማይቆጨኝ ቦታ ላይ አወጣሁ የምለው ግን ይሄን ነው። ትልልቆቹ ሳይደርሱ በጠዋት ገባን።

ካፒቴኑን ቀድሜ የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። ጀልባው መሰላል አለው ወይ? ለእማዬ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? መሰላል የሌለው ጀልባ ላይ ሽማግሌ ሰው ከውኃ ማውጣት ትግል ነው። መጀመሪያ ያናገርኩት ሰው «አንስተን እናስገባታለን» አለኝ፤ ትቼው ሌላ ፈለግኩ። የመነሻ ሰዓት ስንነጋገር ደግሞ ደስ አለኝ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። ለፈረንጅ ስምንት ሰዓት ያለውን ለራሱ ሰዎች ሁለት ሰዓት ይላል። እማዬ ሰዓቷን ሳታስተካክል ተግባባች።

ውኃው ውስጥ ካፒቴኑ ክብ ተንሳፋፊ አምጥቶ ገመዱን ያዘ። «ማማ፣ እዚህ ያዢ» አላት። እሷ «እሺ ልጄ» አለች በአማርኛ። እግሯን መምታት አላስፈለጋትም፣ እሱ ቀስ እያለ ይጎትታታል። ፊቷን ነከረች። አወጣች። እንደገና ነከረችና ቆየች። ስትወጣ መጀመሪያ ያለችው «ማን ነው ይህን ሁሉ የሚቀባው?» ነው። ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያላቸው ዓሦች እጇ ስር ነበሩ። ጆሯችሁን ከሰጣችሁ ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ምንቃር የመሰለ ጥርስ ያለው ዓሣ ኮራሉን ሲግጥ ነው። የጋጠውን ድንጋይ ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፤ ነጩ አሸዋ ከፊሉ ከእሱ የሚመጣ ነው። ይህን ስነግራት ሳቋን ማቆም አቃታት።

ኮራሉ ላይ መቆም ክልክል ነው፤ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ላልለመደ ሰው ላይፍ ጃኬት ጥሩ የሆነው በዚህም ነው፣ ሲደክመው እግሩን የሚያሳርፍበት አይፈልግም። አንዳንድ አስጎብኚዎች ዓሣ ለመሰብሰብ ዳቦ ይበትናሉ። የእኛን ቀድመን እንዳያደርግ ነገርነው። ረፋድ ላይ ሌሎቹ ጀልባዎች ሲደርሱ እኛ ጨርሰን ነበር። ውኃው በሰው እግር ሲታመስ አይተን ሄድን።

ምግቡ እንደፈራሁት አልሆነም። ረቡዕና ዓርብ እማዬ ምን ትበላለች እያልኩ ሽሮ ሁሉ ይዤ ነበር። ግን በኮኮናት ወተት የሚሠራ የቦሎቄ ወጥ አላቸው፣ ማሃራጌ ይሉታል፤ በቻፓቲ ይበላል። ጾም ነው፣ ይጣፍጣልም። ሽሮው ተመለሰ።

ወረቀቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ግዴታ ነው፤ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መከተብ ያስፈልጋል፣ አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ ዛንዚባር የራሷን የጉዞ መድን ታስከፍላለች፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ መድን ቢኖራችሁም አይቀርም። ቪዛውን በታንዛኒያ መንግሥት ድረ ገጽ ማመልከት ይቻላል፤ ኮሚሽን ከሚያስከፍሉ መሳይ ድረ ገጾች ተጠንቀቁ። ፌስታል አታስገቡ፤ የተከለከለ ነው። ያረጀ ዶላርም አትያዙ፣ ብዙ ቦታ አይቀበሏችሁም። ስለ ወባ መድኃኒት ሐኪም ጠይቁ።

ስቶን ታውንን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት በምክንያት ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን በኦክስጅን ጋን ካልጠለቅኩ ብሎ ነበር። ጋኑ ውስጥ ያለው እንኳን ተራ አየር ነው፤ ሁላችንም ኦክስጅን እንላለን እንጂ። በጋን ጠልቆ የወጣ ሰው ወዲያው አውሮፕላን መሳፈር የለበትም፤ ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቃል። ስኖርክሊንግ ይህ ክልከላ የለውም። የከተማዋ ቀን በባሕሩና በበረራው መካከል ገባች፣ እሱም እንደልቡ ጠለቀ። ከተማዋ ላይ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ጨዋነት ነው። የባሪያ ገበያው የነበረበትን ቦታ አየን፤ በ1873 ተዘግቶ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበታል። እማዬ እዚያ ቆይታ ጸለየች። ማታ ባሕር ዳር ያለው የፎሮዳኒ መናፈሻ ሄደን ዝንጅብልና ሎሚ የገባበት የሸንኮራ ጭማቂ ጠጣን፤ ጠዋት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ ማንም ሌሊት አልተነሳም።