የራሳችን ሰው ሲሳደብ

ኑሪ ማርቲኔዝን ብዙዎቻችን እንደ ራሳችን ሰው ነበር የምናያት። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤትን በፕሬዚዳንትነት የመራች የመጀመሪያዋ ላቲና፣ ማለትም ዘሯ ከላቲን አሜሪካ የሆነ ሴት፣ ናት። አባቷ ሳህን አጣቢ ነበር። በ2022 ጁን ላይ ምክር ቤቱ፣ የሆቴል ክፍል የሚያጸዱ ሠራተኞች አደጋ ሲገጥማቸው የሚጫኑት የድረሱልኝ ቁልፍ በአሠሪው ወጪ እንዲሰጣቸው ሲወስን ወንበሩ ላይ የነበረችው እሷ ናት። እኔ የምሠራው ኤርፖርቱ አካባቢ ባለ ሆቴል ውስጥ ነው፣ የዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበራችን፣ ተጠሪም ነኝ። በር ተዘግቶባት ከሰከረ እንግዳ ጋር የተፋጠጠች ሴት በኋላ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ያ ሕግ ለኛ ትልቅ ነገር ነበር።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 9 በድብቅ የተቀዳ ድምጿ ወጣ። ከዓመት በፊት በካውንቲው የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ቢሮ ውስጥ የተቀዳ ነው። ከሁለት የምክር ቤት አባላት፣ ከኬቨን ዴ ሊዮንና ከጊል ሴዲዮ፣ እንዲሁም ከፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ከሮን ሄሬራ ጋር ተቀምጠው የምርጫ ክልሎች ድንበር እንዴት ይሰመር እያሉ ይመካከራሉ። በመሃል ማርቲኔዝ የባልደረባዋን የማይክ ቦኒንን ትንሽ ልጅ፣ ጥቁር ልጅ ነው፣ ከጦጣ ጋር ታመሳስለዋለች። ኮሪያታውን በሚባለው የከተማው ሰፈር ያሉትን፣ ከሜክሲኮ ኦአሃካ ግዛት የመጡ ሰዎች ደግሞ አጫጭር ጥቁሮች፣ አስቀያሚዎች ትላለች። አብረዋት የተቀመጡት አላስቆሟትም።

የኛ ወጥ ቤት የሚንቀሳቀሰው በኦአሃካ ሰዎች ነው። እኔ ደግሞ የጥቁር ልጅ እናት ነኝ።

በማግስቱ ሰኞ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከኔ የሚበልጥ ልምድ ያለው አንድ ተጠሪ፣ ለምርጫው አንድ ወር እንኳ አልቀረም፣ አሁን አፋችንን ከከፈትን ለተቃራኒዎቻችን መሣሪያ ማቀበል ነው፣ ዝም እንበል አለ። አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ወገቧ ላይ ያንጠለጠለችውን የድረሱልኝ ቁልፍ ይዛ «እኔ ይሄን ያገኘሁት በማን ነው?» አለች። ከልቧ ነው፤ በዚያ ሥራ ላይ የደረሰባትን አውቃለሁ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል የሚሠሩት ጋሼ ደግሞ በአማርኛ «ልጄ ተዪው፣ እርስ በርሳቸው ይጨርሱት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አገር ቤትም እኮ እንዲሁ ነው ያልነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው። የኛ ወገን የምንለው ሰው ሚዲያ ላይ ወጥቶ አንድን ብሔር በጅምላ ሲዘልፍ «ጊዜው አይደለም፣ ለጠላት በር ይከፍታል» እንላለን። ሌላው ወገን ያንኑ ሲናገር ግን ለመቆጣት አንድ ሰዓት አይፈጅብንም። ለተሰደበው ሰው እኮ የተሳዳቢው ፓርቲ ምኑም አይደለም። ደግሞ ተቃዋሚዋ ቢያወግዛት ምን ይደንቃል? ማርቲኔዝ ልትሰማ የምትችለው ድምፅ የሰጧትን፣ በር እያንኳኩ የቀሰቀሱላትን ነው።

ክርክሩን የቋጨው ግን የኔ ንግግር አይደለም። ከሳህን ማጠቢያው የመጣው የኦአሃካ ልጅ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ ነው፣ እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ያ የተሰደብንበት ቢሮ የሚተዳደረው በኛ መዋጮ አይደለም እንዴ?»

ማንም መልስ አልነበረውም። ከየደሞዛችን እየተቆረጠ የሚሄደው ገንዘብ ነው።

ወረቀት አውጥተን ጻፍን። መጀመሪያ ለሕጉ አመሰገንናት፣ ቀጥለን ከወንበሯ እንድትነሳ ጠየቅን። ምስጋናው ይውጣ ያሉ ነበሩ፤ እኔ ይቆይ አልኩ፣ ምክንያቱም የሠራችልንን አውቀንና ቆጥረን ነው ይህን የምንጠይቀው። የሳልቫዶሯ ሴት ሁለት ጊዜ አስነብባ ፈረመች። ጋሼም ፈረሙ። ነባሩ ተጠሪ አልፈርምም አለ፣ አልፈረመም፤ አላስገደድነውም።

ያስለቀቃቸው የኛ ደብዳቤ ነው አልልም። ሄሬራ በዚያው ሰኞ ማታ ሥራውን ለቀቀ። ማክሰኞ ምክር ቤቱ አዳራሽ በተቃዋሚ ተሞላ፤ ዋይት ሃውስ፣ ያውም የራሳቸው የዴሞክራቶች ፓርቲ ፕሬዚዳንት ባይደን፣ ሦስቱም አባላት ይልቀቁ አለ። ረቡዕ ማርቲኔዝ ከምክር ቤቱ ወጣች። ሴዲዮ ቀድሞውኑ በጁኑ ምርጫ ተሸንፎ ነበር። ዴ ሊዮን ግን ይቅርታ ጠይቆ አልለቅም አለ።

ነባሩ ተጠሪ የፈራው አልደረሰም። በኖቬምበር ዴሞክራቷ ካረን ባስ የከተማዋ ከንቲባ ሆና ተመረጠች። ሕጉን የሻረው የለም፣ ቁልፉም እየሠራ ነው። ዴ ሊዮን በ2024 እንደገና ተወዳደረ። ያኔ ስለሱ ለመከራከር ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ስብሰባ መጥራት አላስፈለገንም፣ የወጥ ቤቱ ሰዎች አቋማቸውን አስቀድመው ነግረውናል። በይሳቤል ሁራዶ ተሸነፈ፤ እሷም ዴሞክራት ናት።