ሃምሳ ሊሞላኝ ሲል ዘፈን መድረስ ጀመርኩ

ዕድሜዬን የወሰደው ግንበኝነት ነው። ብሎኬት ደርድሬ፣ ግድግዳ ለስኜ፣ በኋላም ፎርማን ሆኜ አዲስ አበባ ላይ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። የዘፈን ግጥምና ዜማ መድረስ የጀመርኩት ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲቃረብ ነበር። ዛሬ ሥራዎቼን የሚያዜሙ ወጣቶች አሉ። “በዚህ ዕድሜ እንዴት ሆነልህ?” ብለው የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ እንደ እኔ የእጅ ሠራተኞች ናቸው፤ አናጺዎች፣ ሹፌሮች፣ ልብስ ሰፊዎች። የምጽፈውም ለእነርሱ ነው።

የተወለድኩት ወሎ ነው። ባቲ ለእኔ በመጀመሪያ የሰኞ ገበያ፣ አምባሰልም የተራራ ስም ነበር፤ የቅኝት፣ ማለትም ዜማ የሚመሠረትበት የድምፆች አደራደር፣ ስም መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። አባቴ ዘፈን ይወድ ነበር፤ ዘፋኝ ልጅ ግን አይፈልግም። በዚያ ዘመን አዝማሪ በሠርግ ቤት ይሸለማል እንጂ ልጅ አይዳርለትም። እኔም ያንን ፍላጎቴን ውጬ ወደ ሥራ ገባሁ።

ውስጤ የተኛውን የቀሰቀሱት በአንድ ሕንፃ ሥራ ላይ ዘበኛ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ማታ ማታ በጥበቃ ቤታቸው ክራር ይመታሉ። ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየሁ ሳዳምጥ፣ “ልጄ፣ ዝም ብለህ ከምታየው ያዘው እንጂ” አሉኝ። “አባባ፣ ይህ እጅ ለክራር ይሆናል?” ብላቸው፣ መዳፌን ገልብጠው አዩና “ይሆናል፤ በመግረፊያው ጀምር” አሉ። ምክራቸው ትክክል ነበር። በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀና የደነደነ ጣት ክር በክር እየለየ መንካት ይቸግረዋል። በመግረፊያ፣ ማለትም ክሮቹን አንድ ላይ በሚመታው ትንሽ መሣሪያ፣ ሲመቱ ግን የግራ እጅ ጣቶች ሥራ የማይፈለገውን ክር ማፈን ነው፤ ይህን የእኔ ጣቶችም ቻሉት። ማታ እጄን ታጥቤ ቫዝሊን መቀባት ልማዴ ሆነ።

ከሁሉ አስቀድሞ ቅኝትን በጆሮ መለየት ያስፈልጋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው። ባለ ስድስት ክር ክራር አምስቱን ይዞ ስድስተኛውን ክር ለመጀመሪያው ድምፅ ድጋሚ ይሰጣል። ቅኝት ለመለወጥ ክሩን ራሱን ማጥበቅ ወይም ማላላት ግድ ነው። ለእኔ ትልቁ ትምህርት የነበረው ይህ ነው። በትዝታ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሳደርጋቸው ያው ዜማ በአንድ ጊዜ ሐዘን ለበሰ። ስሜት የት እንደሚቀመጥ በጣቶቼ ነካሁት። የካሳ ተሰማን፣ የሜሪ አርምዴንና የአስናቀች ወርቁን ክራር ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር፤ ምን ያህል እንደደከሙበት የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው።

ግጥሙ ከዜማው ቀድሞ ቀለለልኝ። ሠራተኛ ሲያዝን፣ ሲቀልድ፣ ሲራገም የሚናገረው ነገር ጆሮዬን ሞልቶታል። የያዝኩትን ሐሳብ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ኪሴ እከት ነበር። ዜማው ሲመጣ ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት ስልኬ ላይ አንጎራጉራለሁ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ነው። ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚባል ድምፅ) ሆኖ መሐል ላይ ይከፈላል፤ ሰንጎ መገን በሚባለው ደግሞ አምስት አምስት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ አንዱ እንዲህ ይላል፦

የሰው ቤት ስሠራ፣ ፀሐይ ጠለቀብኝ፤
ለራሴ ግድግዳ፣ ጭቃው ደረቀብኝ።

ይህን ለአንዲት በምሽት ቤት ለምትዘፍን ልጅ ሰጠኋት። ቤት መምታቱም ልኩም የተስተካከለ ነበር። እሷ ግን ሁለት ጊዜ ሞክራው፣ “ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ ድምፄ ይታነቃል” አለችኝ። ዜማዬ የሚረዝመው “ብኝ” ላይ ነበርና አፏ እየተዘጋ ድምፅ ማስረዘም አልቻለችም። ቃል አልቀየርንም። ማስረዘሙን ከመጨረሻው አንሥተን ወደ መሐሉ፣ ወደ “ስሠራ” እና ወደ “ግድግዳ” ወሰድነው። ሁለቱም በራብዕ የሚያልቁ፣ አፍ የሚከፍቱ ናቸው፤ “ጠለቀብኝ” አጭር ሆኖ ሲወድቅ ደግሞ የፀሐይዋ መጥለቅ ራሱ ተሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ግጥም ሳልዘፍነው ለማንም አልሰጥም። በወረቀት ላይ የማይታየው መጥበቅና መላላትም የሚጋለጠው ሲዘፈን ነው። መጥበቅ ያለበትን ፊደል ዜማው አላልቶ ከጎተተው አድማጩ ሌላ ቃል ይሰማል።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ደራሲ ያፍርበታልና። አንድ አሳታሚ ሁለት ግጥሞቼን “ሲወጣ እንከፍላለን” ብሎ ወሰደ፤ ዘፈኖቹ ወጡ፣ ክፍያው ግን አልመጣም። ለግንባታ ያለ ውል የማልገባ ሰው ለዘፈን ያለ ውል የምገባበት ምክንያት የለም። አሁን የትኛው ዘፈን፣ ለማን፣ ለምን ያህል ክፍያ እንደተሰጠና ስሜ በደራሲነት እንደሚጻፍ በወረቀት ሳይፈረም ዜማውን አላሰማም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ጡረታ ለሌለው ግንበኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለልጆቼ ያስነበብኳቸውም ስለዚህ ነው።

ጊዜ ከየት አመጣህ ለሚሉኝ፦ ከእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከታክሲ ሰልፍና ዝናብ ሥራ ካስቆመባቸው ሰዓታት። ክረምት ለግንበኛ የረሃብ ወቅት ነው፤ ለእኔ ግን ግጥም የምጽፍበት ሆኗል። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ “ይህ ሰውዬ ምን ነካው?” ትል ነበር። አሁን የማያምር ስንኝ ስትሰማ ከማድቤት ሆና የምታርመኝ እሷ ናት፤ ፍርዷም ከብዙ ባለሙያ ይበልጥብኛል።

በዚህ ወር በአንቺ ሆዬ ለኔ ቅኝት የሠርግ ዘፈን ይዣለሁ። አዝማቹ አልቋል፤ ሁለተኛው ቤት ላይ ሚዜዎቹ የሚቀበሉት ቦታ ገና ይጎድለዋል። ታናሿ ልጄ በጥር ትዳራለች፤ እስከዚያ መድረስ አለበት።