ጥቁር ለብሼ ያደግኩበትን ሙዚቃ በቤዝ ጊታር እየተማርኩ ነው

ቤዝ ጊታር ልማር ነው ካልኳችሁ ወዲህ «እንዴት ሆነልሽ?» የሚሉኝ በዝተዋል። ይኸው ሪፖርቴ። የጣቶቼ ጫፍ ጠንክሯል። ግራ እጄ አራት ፍሬት (የቤዙን አንገት የሚከፋፍሉት ብረቶች) ላይ መዘርጋት ለምዷል። ጎረቤቴም እስካሁን ግድግዳ አልደበደበም። አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልቆም እጫወታለሁ። ሁለተኛው እየመጣ ነው። ሦስተኛው ገና ያሾፍብኛል።

እዚህ መሣሪያ ከምንማረው ውስጥ አብዛኞቻችሁ ክራር ወይም ኪቦርድ ነው የያዛችሁት፤ የምትለማመዱትም የሀገራችንን ዘፈን ነው። እኔ ደግሞ ፐንክና ጎዝ ይዤ መጣሁ፤ ፐንክ ፈጣንና ጯሂ ሮክ ነው፣ ጎዝ ደግሞ ጥቁር ለባሽና ጨለምተኛ ዘመዱ። ይሄ ከየት መጣ ለምትሉ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ያደግኩት ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው። ወንዙን ከተሻገራችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ናችሁ። ዘመኑ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ወላጆቻችን ቅዳሜ ማታ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው መንገድ ላይ ከተደረደሩት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር። መኪናው ውስጥ ስገባ ሬዲዮውን 99.1 ላይ አደርግበታለሁ፤ ደብሊው ኤች ኤፍ ኤስ የሚባለው የኦልተርኔቲቭ ሮክ ጣቢያ ነው። «ምን ሆኖ ነው ይሄ ሰውዬ የሚጮኸው?» ይለኛል። መልስ የለኝም። ወደ ዜናው ይመልሰዋል። ጣቢያው በጥር 2005 በአንድ ቀን ወደ ስፓኒሽ ሙዚቃ ሲዞር ደውሎ የነገረኝ አባቴ ነው። ለካ እሱም ለምዶት ኖሯል።

ከዚያ ልብሱ መጣ። ጆርጅታውን፣ ዊስኮንሲን አቬኑ ላይ ኮማንደር ሳላማንደር የሚባል ሱቅ ነበር፤ በ2010 ተዘጋ። የፀጉር ቀለሙ፣ ባለ ብረት ቀበቶው፣ ጥቁር የጥፍር ቀለሙ ሁሉ ከዚያ ነው። እኔ ከጎዞቹ ወገን ነበርኩ፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ቦት ጫማ፣ ከዓይኔ ሥር ጥቁር ኩል። እናቴ በር ላይ አየችኝና «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለች። ስትቀልድ እንዳይመስላችሁ። በኛ ቤት ጥቁር ከላይ እስከ ታች የሚለበሰው ለሐዘን ነው። አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ የመጡ ጓደኛዋ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና ስኒያቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መርዶ አለ እንዴ? ምነው ሳትነግሩን?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳ ሲመጣ እናቴ ነጠላ ትደርብልኛለች። ከላይ ነጭ ነጠላ፣ ከታች ባለ ብረት ቦት። አንድ ፎቶ አለኝ፤ ለማንም አላሳይም።

ዲሲ ለፐንክ ትልቅ ከተማ ነበረች። ይሄንን የማያውቅ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ትንሽ ላውራበት። በ1980 ቲን አይድልስ የሚባል የተማሪዎች ባንድ ሲበተን ያጠራቀመው 600 ዶላር ገደማ ነበረው። ከመከፋፈል ይልቅ የራሳቸውን ሙዚቃ ሸክላ አሳተሙበት። ዲስኮርድ የሚባለው አሳታሚ እንዲህ ተጀመረ፤ ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን አቋቁመውት እስከ ዛሬ አርሊንግተን ውስጥ አለ። የሸክላውን ሽፋን ልጆቹ ራሳቸው በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ ለጥፈው ነው ያዘጋጁት። ማንንም አላስፈቀዱም።

ከነሱ በፊት ባድ ብሬይንስ ነበሩ። አራት ጥቁር የዲሲ ልጆች ናቸው። ሲጀምሩ ጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ ነበር፤ ከዚያ ወደ ፐንክ ዞሩ፣ ከዚያ ራስታ ሆኑ። በ1982 የወጣው ካሴታቸው ሽፋን ላይ መብረቅ የካፒቶልን (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ጉልላት ሲመታ ይታያል። ቀለሙ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ነው። እኔ ያንን ካሴት መጀመሪያ ሳይ የሀገሬ ልጆች መስለውኝ ነበር። ሙዚቃው እንደ እብድ ይሮጣል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ቀጥሎ ደግሞ ዝግ ያለ ሬጌ ይመጣና ጃህን ያወድሳል። በኛ ቤት ጃንሆይ የሚነሱት በሌላ መንገድ ነው፤ ወይ በናፍቆት ወይ በክርክር። እዚህ ደግሞ የዲሲ ልጅ በጩኸት ያነሳቸዋል። ለአባቴ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «ታዲያ ለምን ቀስ ብሎ አያወድስም?» ነው ያለኝ።

የድሮው 9፡30 ክለብ ኤፍ ስትሪት ቁጥር 930 ላይ ነበር። ጠባብ ነው። መድረኩ ፊት ለፊት አምድ ቆሞ እይታ ይከልላል። ሽታውን የገባ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዕድሜያችን ለመጠጥ ያልደረሰውን በሩ ላይ እጃችን ጀርባ ላይ በጥቁር ማርከር ትልቅ ኤክስ ይሠሩብናል፤ መግባት እንችላለን፣ መጠጥ ግን የለም። ኤክሱ ሰኞ ትምህርት ቤት ድረስ ይቆያል። አንዳንዶቻችን ሆን ብለን አናጥበውም ነበር። ሜትሮ (የከተማው ባቡር) ያኔ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚዘጋ የብዙ ኮንሰርት መጨረሻ አላየሁም። ክለቡ በጥር 1996 ወደ ቪ ስትሪት ተዛወረ። አሁን ትንሽ ዝቅ ብሎ 9ኛው መንገድ ላይ የሐበሻ ቤቶች ስላሉ ሽሮ በልቶ ኮንሰርት መግባት ይቻላል። ያኔ ይሄ ቢኖር እናቴም በቀለለላት።

ፉጋዚ የሚባለውን ባንድ ግን በነፃ ነው ያየሁት፤ ቴንሊታውን አጠገብ ፎርት ሪኖ ፓርክ፣ በበጋ፣ ሣር ላይ። ሌላ ቦታ ሲጫወቱም መግቢያቸውን 5 ዶላር ላይ ለማድረግ ይታገሉ ነበር። ሰው የሚገፋና የሚረግጥ ካዩ ሙዚቃውን ያቆማሉ። የማይሰማ ከሆነ 5 ዶላሩን መልሰው ያስወጡታል። እኔ አጭር ነኝ፤ ከፊት መቆም የምችለው በእንዲህ ዓይነት ኮንሰርት ብቻ ነበር። በ1991 በጋ ከዋሽንግተን ስቴት የመጡት ቢኪኒ ኪልና ብራትሞቢልም ዲሲ ከርመው ነበር፤ ሴቶች ወደ ፊት እንዲመጡ ከመድረክ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ይሄ ሁሉ ዓይኔ ሥር እያለ መሣሪያ ይዤ አላውቅም። ሰሚ ነበርኩ። ጎበዝ ሰሚ።

ወደ ልምምዱ እንመለስ።

ቤዝ የመረጥኩት ያንን ሙዚቃ እንደገና በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ የምከተለው እሱን ስለነበር ነው። ጎዝ በሚባለው ሙዚቃ ጊታሩ እንደ ጭጋግ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ዜማውን የሚሸከመው ቤዙ ነው። ጆይ ዲቪዥንን ስሙ። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ፒተር ሁክ ቤዙን ከፍ አድርጎ፣ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ይጫወታል። ምክንያቱ ፍልስፍና አይደለም። ማጉያው ደካማ ስለነበር ወፍራሙ ድምፅ በጊታሩ ተውጦ አይሰማውም፤ ከፍ ሲል ግን ራሱን ይሰማል። ከደካማ ዕቃ አንድ የአጨዋወት ስልት ወጣ። ፒክሲስ የሚባለው ባንድ ውስጥ ቤዝ ትጫወት የነበረችው ኪም ዲል ደግሞ ባንዱ በ1986 ሲቀጥራት ቤዝ ተጫውታ አታውቅም ነበር። እኔም ጀማሪ መሆን ሲያስፈራኝ የማስበው እሷን ነው።

የገዛሁት ያገለገለ፣ አጭሩን ዓይነት ነው። መደበኛ ቤዝ ከድልድዩ እስከ አንገቱ ጫፍ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ነው፤ የኔው 30። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ሻጩ «ይሄ የልጆች ነው» ቢላችሁ አትስሙት። ድምፁ ትንሽ ድፍን ይላል፤ ግን መጀመሪያው ፍሬት ላይ ያለው ርቀት ይቀንስላችኋል፣ የእጅ አንጓችሁም አይታመምም። ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። ቱነር (ክሩን መቃኛ) በስልክም ይገኛል፤ ግን ቆንጥጦ የሚያዘው ርካሽ ስለሆነ እሱን ግዙ። ጫጫታ ውስጥም ይሠራል።

አስተማሪዬ መጀመሪያ ያሳየችኝ ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል) ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ነው። ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ሮክ የሚማር ሁሉ በዚህ ይጀምራል አለችኝ። ወደ ላይ ተጫወትኩት፣ ወደ ታች ተጫወትኩት፤ ሦስተኛው ላይ ሳቄ መጣ። ከቅኝቶቻችን አንዱ፣ ባቲ ማይነር ነው! አምስቱም ድምፆች ያው ናቸው። አጎቴ በክራር ሲጫወተው ስሰማ ነው ያደግኩት። አስተማሪዬ ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ አንድ የባቲ ዘፈን በስልኬ ከፈትኩላት። ቤዙን ተቀብላ አብራው መጫወት ጀመረች። ክፍለ ጊዜው በዚያው አለቀ፤ የከፈልኩበት ግን አልቆጨኝም። ክራር ላይ ያላችሁ፣ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል ማለት ነው። ጆሯችሁ ያውቀዋል፤ የቀረው ጣት ነው።

የጨረስኩት ዘፈን ባውሃውስ የሚባል ባንድ ነው የሠራው፤ በ1979 የወጣውና ከ9 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው። የጎዝ መጀመሪያ እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ቤዙ ጥቂት ድምፆችን እየደጋገመ ወደ ታች ይወርዳል፤ በቃ። ቀላል ይመስላል። ደቂቃው ሲገፋ ግን እጅ ሳያውቀው መፍጠን ይጀምራል። የሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ትርጉም የገባኝ እዚህ ነው። ድምፁን ቀንሼ፣ በየአራተኛው ምት ብቻ እንዲመታ አድርጌ እለማመዳለሁ። በመሃል ያለውን ባዶ ቦታ እኔው መሸፈን አለብኝ። ሞክሩት፤ ያበሳጫል፣ ግን ይሠራል።

እየመጣ ነው ያልኳችሁ ሁለተኛው በ1988 የወጣው የፉጋዚ «ዌይቲንግ ሩም» ነው። ጆ ላሊ በቤዝ ብቻውን ይጀምራል፤ ጊታርና ድራም ይገባሉ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። ፀጥታ። ከዚያ እንደገና። ድምፆቹ አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ ዝምታው ነው። ክሩን በሁለቱም እጅ ካልያዛችሁት ቤዝ ዝም አይልም፤ ይጎተታል። ቀኝ መዳፌን ድልድዩ አጠገብ አሳርፌ፣ የግራ ጣቶቼን ሳልጫን ክሮቹ ላይ ብቻ በማስተኛት ነው የተሻለኝ። ላሊ ይሄንን እንዴት እንደሚያደርገው የማጠናው ከድሮ ኮንሰርቶቻቸው ነው። ዲስኮርድ ከ2011 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፉጋዚ ኮንሰርት ቅጂዎችን ለሕዝብ አውጥቷል፤ የሚጠየቀው ያው 5 ዶላር ነው። እኔ ሣሩ ላይ የነበርኩበትን አንዱን አገኘሁት። ሰው ሲያጨበጭብ የኔም እጅ እዚያ ውስጥ አለ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ልምምዴን ቀጠልኩ፤ ከሸክላው ስለሚፈጥኑ ገና አልደርስባቸውም።

የወንድሜ ልጅ ድራም ይመታል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤዝመንታቸው ውስጥ አብረን እንሞክራለን። ያቺ ዝምታ ላይ ስንደርስ እሱ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይገባል። «አክስቴ፣ አንቺ ነሽ የዘገየሽው» ይለኛል። ቀረፅነውና ሰማነው። እሱ ነው። እናቴ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆማ ስትሰማ ቆየችና «አሁንስ ለቅሶ አይመስልም፤ ሠርግ ነው» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ሦስተኛው፣ የሚያሾፍብኝ፣ የኪዩር ባንድ «ኤ ፎረስት» ነው፤ የ1980። ቤዝ ተጫዋቹ ሳይመን ጋለፕ መጨረሻ ላይ ሌሎቹ እየወጡ ሲሄዱ ብቻውን ቀርቶ ይመታል። ያንን ክፍል ነው የምፈልገው። ጣቶቼ አሁን ባላቸው ጉልበት መሃሉ ላይ ይደክማሉ፤ አስተማሪዬ የቀኝ እጄን ሁለት ጣት እያፈራረቅኩ በቀስታ እንድገነባው አዛኛለች። ድምፁን ለማምጣት ኮረስ ፔዳል (በእግር የሚረገጥ፣ ድምፁን የሚያወዛውዝ ዕቃ) ያስፈልገኛል። ከእናንተ ውስጥ ርካሽ ፔዳል በቤዝ ላይ የሞከረ ካለ ይንገረኝ፤ ወፍራሙን ድምፅ ያሳሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ማጉያው ላይ ያለው ይበቃል የሚል ካለ ደግሞ በደስታ እሰማዋለሁ፤ ገንዘቤ ይተርፈኛል።